ዋዛ ያልሆነ ዋዛ

በአማርኛችን «ዋዛ» የሚለው ቃል ከፈዛዛ ጋር እየተጣመረ የሚነገር፥ ቁም ነገር የሌለበትን ጨዋታ የሚያመለክት ነው። ሰው ሊጠነቀቅለት የሚገባውን ነገር ሲያቃልል «እንደ ዋዛ አየው» እንላለን፤ ዘመን ሳናውቀው ሲያልፍብንም «ዕድሜ እንደ ዋዛ ሄደ» ብለን እናዝናለን። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአሶሳና በዙሪያዋ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ግን «ዋዛ» ብሎ የሚጠራው ከቅል የተሠራውን ረጅም መለከት ነው። አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ እንዲህ ሲለያይ፥ በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ሰምና ወርቅ ሳይፈልግለት አያልፍም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ ገጻችን አንባቢዎች ስለዚሁ መለከት፥ እርሱንም ከአንድ ወዳጃችን ጋር ስላዳመጥንበት ማታ ጥቂት ልንነግር ወደድን።

አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ መሆንዋን፥ በክልሉም የበርታ፥ የጉሙዝ፥ የሺናሻ፥ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ነባር ባለ አገር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የዚያ አገር ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ወርቁን ነበር። በዘመናችን ደግሞ የሚያስበው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ በጉባ የተጣለውንና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የኅዳሴ ግድብ ነው። ስለ ወርቁና ስለ መብራቱ ብዙ ተጽፏል፤ ደግሞም የሚገባ ነው። ስለ ዋዛው ግን በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዓይናችን ያየነውንና በጆሮአችን የሰማነውን ማስቀመጥ ጥቅም ያለው መስሎ ታየን።

ወደ አሶሳ የወሰደን የጽሕፈት ሥራ ነበር። ወራቱ በጋ ሆኖ ማሽላው ተሰብስቦ፥ አውድማው ተጠርጎ ነበር። ሥራችን በተፈጸመ ዕለት ከብዙ ዘመን ጀምሮ የምናውቃቸው ወዳጃችን ወደ ማደሪያችን መጥተው፥ «ዛሬ ማታ ከከተማው ወጣ ብሎ የዘመዶቼ ሠርግ አለ፤ ዋዛ ይነፋልና እርስዎም ቢመጡልን ደስ ይለናል» አሉን። እኚህ ወዳጃችን በትውልዳቸው በርታ፥ በሥራቸው የመንግሥት ሹም ናቸው። ገና በልጅነታቸው ከመንደር ወጥተው በአዲስ አበባ ተምረዋል፤ ንግግራቸው የታረመ፥ ልብሳቸው የተስተካከለ፥ በሸንጎ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ታላቁ ወንድ ልጃቸውም አብሮን ሄደ፤ ዕድሜው 12 ዓመት ይሆናል።

ከደረስን በኋላ በአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተዘረጋልን። እጃችንን ታጥበን የማሽላ ገንፎ ከባምያ ወጥ ጋር ቀረበልን፤ ቀጥሎም ቡና ጠጣን። መለከቶቹ በአጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመው ነበርና ወዳጃችን ቀረብ ብለን እንድናያቸው ፈቀዱልን። እያንዳንዱ መለከት ከአንድ ቅል ብቻ የተሠራ አይደለም። አንገታቸው የረዘመ ቅሎች ጫፍና ጫፋቸው እየተቈረጠ፥ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካና እየታሰረ ይቀጠላሉ። ረጅሙ የሰው ቁመት ያህላል፤ ሌሎቹ በተራ እያጠሩ ይሄዳሉ። ቁጥራቸው አሥራ ሁለት ነበር። ብረት የለባቸውም፤ የጣት ቀዳዳም የላቸውም። በእጅ ሲመዝኑአቸው ቀላል ናቸው፤ ቢወድቁም ይሰበራሉ።

የጣት ቀዳዳ የላቸውም ማለታችን ዋናው ነገር በዚህ ስላለ ነው። ዋሽንት የያዘ እረኛ ጣቱን እያነሣና እየጣለ ዜማውን ሁሉ ብቻውን ይጨርሳል። ዋዛ የያዘ ሰው ግን ከመለከቱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ያንኑ ድምፅ በተራው ጊዜ ነፍቶ ዝም ይላል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ያም ለሌላው ያስተላልፈዋል። ዜማው የሚገኘው ሁሉም በተራ በተራ የየራሱን ሲያዋጣ ነው። ከነፊዎቹ መካከል አንዱ ሲነፋ በስተ ኋላው የሚሄደው፥ በትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን የታጠፈ እንጨት በቀንድ ጫፍ እየመታ ጊዜውን ይጠብቃል። እንዲህ አድርገው ክብ ሠርተው ሲዞሩ፥ ሴቶቹም በእልልታ ከበው ሲያሸበሽቡ፥ ድምፁ ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣ መሆኑን ዓይን እያየ ጆሮ አላምን ይላል።

እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማ ተምረናል። በዚያ መሪው ሲያነሣ ማኅበሩ ይቀበላል፤ የቀኙ ለግራው፥ የግራው ለቀኙ ይሰጣል፤ ቢሆንም አንድ የጠነቀቀ መምህር ድጓውን በሙሉ በልቡ ስለሚይዝ፥ ሌሎቹ ሁሉ ቢያልፉ እርሱ ብቻውን አገር ሊያስተምርበት ይችላል። በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአርሞንየም እየተመራን በአራት ድምፅ መዘመርን ተምረናል። በዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞ ይሄዳል፤ አንደኛው ወገን ቢቀር ውበቱ ይጐድላል እንጂ መዝሙሩ አይጠፋም። ዋዛ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። መሪው የሁሉን ተራ ቢያውቅም አንዲት ትንሽ ዘፈን እንኳ ብቻውን ሊነፋ አይችልም።

ይህን የመሰለ ስልት በሌላም ዓለም ታይቷል። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት የአውሮጳ የቤተ ክርስቲያን አዜማሚዎች አንዱን ዜማ በሁለት ድምፅ መካከል እየቈራረጡ ሲያዜሙ፥ ስልቱን ከሕቅታ ጋር በሚዛመድ ቃል «ሆኬት» ይሉት ነበር። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ የአይማራ ሰዎችም «ሲኩ» የሚባለውን የሸምበቆ ዋሽንት ለሁለት ሰው ከፍለው፥ አንዱ ሲነፋ ሌላው ዝም እያለ ዜማውን ያስኬዱታል። በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በመስኮብ አገር ማሬሽ የሚባል የቦሄሚያ ተወላጅ፥ ለመኳንንቱ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ የሚነፋበት የቀንድ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀንዱን እንዲይዙ የተደረጉት ገባሮች ስለ ነበሩ፥ ድምፃቸውን የተቀበሉት በጌታቸው ትእዛዝ ነው። የበርታው ገበሬ መለከቱን የሚያነሣው በፈቃዱ ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም።

ጨዋታው እንደ ጀመረ አንድ ነገር አስተዋልን። ወዳጃችን ከአጠገባችን ተቀምጠው በጣታቸው ጕልበታቸውን እየመቱ ዜማውን ይከተሉ ነበር፤ ነገር ግን ዜማው ዞሮ ወደ አንድ ስፍራ በደረሰ ቍጥር ጣታቸው ከአየር ላይ ይቀራል። ለእኛ ለእንግዳው ጆሮ ሁሉም የሞላና የተትረፈረፈ ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፥ «አንድ መለከት ጐድሏል፤ እርስዎ አይሰሙትም፤ እኔ ግን ከጉድለቱ በቀር ሌላ አልሰማም» አሉን። ወደ አጥሩ ብንመለከት በእውነት አንዱ መለከት ተደግፎ እንደ ቆመ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሲያበቃ ማኅበሩን የሚመሩት ሽማግሌ መለከቱን ከአጥሩ አንሥተው ወደ ተቀመጥንበት መጡ። የተነጋገሩት በበርታ ቋንቋ ነው፤ በኋላ ወዳጃችን እንደ ተረጐሙልን ግን እንዲህ ነበር።

«ልጄ፥ ይህ የአባትህ ስፍራ ነው። እርሱ ካለፈ ወዲህ የጎረቤት ልጅ ይዞት ነበር፤ እርሱም ወርቅ ለመቈፈር ወጥቶ ሄደ። ዛሬ ሰው የለኝም።»

«አባቴ፥ እኔ የጽሕፈት ሰው ሆኛለሁ፤ ትንፋሼም ይህን አይችልም።»

«ሹመትህን አልለመንሁህም፤ ትንፋሽህን ነው እንጂ።»

ወዳጃችን ዝም አሉ። እኛም በሹመት ዓለም የኖርን ስለ ሆነ ዝምታቸውን ለመረዳት አልተቸገርንም። በዚያ ክብ ውስጥ የቆሙት ሰዎች ነገ ጧት አቤቱታቸውን ይዘው በቢሮአቸው ደጅ የሚቆሙ ናቸው። ሹም በሕዝቡ ፊት ጕንጩን ነፍቶ፥ ላቡን እያንጠባጠበ፥ ተራውን ቢስት ነገ እንዴት አድርጎ ይፈርዳል? ይህ አሳብ በፊታቸው ላይ ሲመላለስ አየነው። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ ብለው ተነሡ፤ ኮታቸውን አውልቀው ለእኛ ሰጡን፤ መለከቱንም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

የመጀመሪያው ዙር አልሆነላቸውም፤ ድምፁ ዘግይቶ ወጣ፤ ሁለተኛውም ደከመ። ከነፊዎቹ የሣቀ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌውም ዘወር ብለው አላዩአቸውም፤ ዜማውን አንድ ዓይነት አድርገው እንደ ገና ያዞሩት ነበር እንጂ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዙር የወዳጃችን ድምፅ ከስፍራው ገባ። ያን ጊዜ እኛም ቀድሞ ሙሉ የመሰለን ዜማ ጐዶሎ እንደ ነበረ ገና አወቅን። ጎጆ ምሰሶው ሲቆምለት እንደሚጸና ሁሉ፥ የቀሩት አሥራ አንድ ድምፆች በአንድ ጊዜ ጸንተው ተሰሙ። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ከክቡ ወጥተው እልል አሉ።

ብላቴናው በዚያ ሰዓት ተንቀሳቃሽ ስልኩን በእጁ እንደ ያዘ አፉን ከፍቶ አባቱን ይመለከት ነበር። አባቱ ላባቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ፥ «አባባ፥ መቼ እንደምትነፋ በምን አወቅህ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፥ «ከእኔ በፊት ያለውን ሰው በመስማት ነው» ብለው መለሱለት። ብዙ የምክር መጻሕፍት አንብበናል፤ አባት ለልጁ በአንድ አረፍተ ነገር ይህን ያህል ሲሰጥ ግን ያየነው ጥቂት ጊዜ ነው።

ወደ ከተማ ስንመለስ በመንገድ ላይ ወዳጃችን እንዲህ አሉን፤ «ለልጄ ቤት ሠርቼለታለሁ፤ የትምህርቱንም ገንዘብ አስቀምጫለሁ። አባቴ ለእኔ ያስቀመጡልኝ ይህችን አንዲት ድምፅ ነበር። እኔ ሳልወስዳት ሃያ ዓመት በአጥር ላይ ቆየች።» እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ብዙ የኑዛዜ ቃል ጽፈናል። ቤቱ ከነቦታው፥ ከብቱ በቍጥር፥ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል ይጻፋል፤ ምስክሮችም ይፈርማሉ። በዋዛ ማኅበር ውስጥ ያለ ስፍራ ግን በምን አንቀጽ ይጻፋል? ወራሹ መጥቶ ትንፋሹን ካልሰጠበት በቀር ርስቱ ቅል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሽማግሌው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሠርግ እንዳለ ነግረዋቸው ነበር፤ ወዳጃችንም «ኢንሻ አላህ» ብለው መልሰዋል። ነገር ግን በመንገድ ላይ የዚያን ሳምንት ስብሰባቸውን በጣታቸው ሲቈጥሩ ሰምተናል።

የነገሩ ክብደት በአንድ ቤተ ሰብ የሚያበቃ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ሲደነገግ፥ የበርታ ሕዝብ በሁለቱም አገር ተከፍሎ ቀረ፤ ዋዛውም አብሮት በሁለቱም ወገን ሲነፋ ኖረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ አገር ተሰዷል። ስደተኛ ልጁን አዝሎ እንጂ የሰው ቁመት የሚያህል ቅል ተሸክሞ አይሸሽም። ከአንድ ማኅበር ሁለቱ በአንድ መጠለያ፥ ሦስቱ በሌላ ቢያድሩ፥ ሁሉም በሕይወት ሳሉ ዜማው አለቀ ማለት ነው።

«ታዲያ በድምፅ መቅረጫ ይቀረጽ» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መቀረጹ መልካም ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ሊቅ አርቱር ሲሞን በሱዳን ወገን ያለውን ዋዛ ቀርጸው አሳትመዋል፤ የአገራችን ሊቅ ትምክህት ተፈራም ስለ በርታ ዋዛ መርምረው ጽፈዋል። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ የተቀረጸው ድምፅ የጐደለውን ሰው ስፍራ አይሞላም። በፎቶግራፍ የተነሣ ማዕድ ያማረ ቢሆንም የሚጠግብበት ሰው የለም።

ስፍራው ሊሞላ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ከሩቅ አገር እናምጣ። የሴልት ወገን በሆነው በአየርላንድ ሕዝብ ዘንድ «ኢለን ፓይፕስ» የሚባል ባለ አቁማዳ የዜማ መሣሪያ አለ። ስሙ የተገኘው በቋንቋቸው ክርን ከሚለው ቃል ነው፤ ነፋሱ በአፍ ሳይሆን በክርን ሥር በሚታሰር ወናፍ ይሞላልና። የአየርላንድ ሰዎች በማታ ተሰብስበው ሲጫወቱ ቫዮሊኑም፥ ዋሽንቱም፥ አቁማዳውም ዜማውን በሙሉ አንድነት ይዘው ይሄዳሉ፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ይጨርሰዋል። እንዲህም ሆኖ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአቁማዳው ተጫዋቾች እጅግ ጥቂት ሆነው ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1968 የቀሩት ተጫዋቾች ማኅበር አቋቁመው ወጣቶችን ማስተማር፥ መሣሪያውን የሚሠሩ ሰዎችንም ማሠልጠን ጀመሩ። በ2017 ዩኔስኮ ይህን ጨዋታ ከማይዳሰሱ የዓለም ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ሙሉው ዜማ በአንድ ሰው ልብ የሚገኝበት ጨዋታ ለመጥፋት እንዲህ ከቀረበ፥ ሙሉው ዜማ በአንድም ሰው እጅ የማይገኝበት ዋዛ ምን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልገው ይሆን?

በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን በሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል የየአገሩን ጨዋታ በአደባባይ ማየት ልማድ ሆኗል። አንባቢዎቻችን በዚያ ዕለት ረጃጅም ቅሎችን የያዙ ሰዎች አይተው እንደ ሆነ፥ ያዩት ነገር የሚኖረው በተቀሩት 364 ቀናት በመንደር ሰው ከተገኘለት ብቻ መሆኑን እንዲያስቡ እንለምናቸዋለን።

ለአባቶችና ለእናቶች የምንሰጠው ምክር ታዲያ አጭር ነው። ከመንደር ወጥታችሁ በማዕርግ የምትኖሩ ሁሉ፥ በሠርግና በመከር ወደ ዘመዶቻችሁ ስትሄዱ ገንዘብ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከደረሳችሁም በኋላ በእንግዳ ወንበር ላይ ብቻ አትቀመጡ፤ አባታችሁ የያዙት መለከት፥ ከበሮ፥ በገና ወይም የምስጋና ቃል ካለ ማን እንደ ያዘው ጠይቁ። ያልተያዘ ከሆነ አንሡት። ብትሳሳቱ የሚሥቅባችሁ ከክቡ ውጭ የቆመው ነው፤ በክቡ ውስጥ ያለው ግን እንድትገቡ ዜማውን ደግሞ ያዞርላችኋል። የትምህርት ቤት ሹሞችም በሳምንት አንዲት ሰዓት ለአገር ሽማግሌ ቢሰጡ፥ አሥራ ሁለት ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ የሌላውን መስማት ይማራሉ፤ ይህም ትምህርት ለዋዛ ብቻ ሳይሆን ለሸንጎም፥ ለትዳርም ይጠቅማል።

እንግዲህ ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ ብንይዘው አይጣላም። በርታዎች ዋዛ የሚሉትን እኛ እንደ ዋዛ ብናየው፥ አንድ ሰው ከአንድ ስፍራ በቀረ ቍጥር እንደ ዋዛ ያልቃል።